ለሁለት የተዘረጋ ገበታ

ዛሬ የምንጨዋወተው ቀላል ስለሚመስል ነገር ነው፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሆነው ስለሚበሉት እራት። ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። ልጅ፣ እንግዳ፣ ዘመድ ወይም የጸሎት ኅብረት አባል ሳይጨመር፣ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ሁለታችሁ ብቻ አንድ ገበታ የቀረባችሁት መቼ ነው?

ለምክር ወደ እኛ የሚመጡ ባለትዳሮችን ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ ሳቅ ነው። አንዲት እህት፣ «እኛ እኮ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንበላው» ብላኝ ነበር። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቷ ከእንግዶች ጋር ሳሎን ይበላል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደመጡ ይበላሉ፤ እርሷ ደግሞ ወጥ ስታወጣ፣ እንጀራ ስትጨምር፣ ቡና ስታፈላ ቆይታ፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ማጀት ውስጥ የተረፈውን ትቀምሳለች። አብረው ይኖራሉ፤ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ አንድ ገበታ ላይ ግን አይገናኙም።

ሌሎች ባልና ሚስት ደግሞ ከተጋቡ 22 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ጠብ የለባቸውም፤ አንዱ በሌላው ላይ አልወሰለተም። የመጨረሻ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስት እንዲህ አለችኝ፦ «ማታ ማታ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሰው የማላውቀው እንግዳ መሰለኝ። ምን ብዬ እንደማጫውተው ጠፋኝ።» ባልየውም አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔም እንደዚያው ነኝ» አለ። ለ22 ዓመት ሲያወሩ የኖሩት ስለ ልጆች፣ ስለ ቤት ሥራና ስለ አገልግሎት ነበር። ልጆቹ ሲወጡ ወሬውም አብሮ ወጣ።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ትዳር የሚጎዳው በጭቅጭቅ ነው ብለን እናስባለን። በዝምታ የሚጎዳው ትዳር ግን ድምፅ ስለሌለው ማንም ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ለሁለት ብቻ ስለሚዘረጋ ገበታ ስጽፍላችሁ ስለ ቅንጦት እየጻፍኩ እንዳልሆነ ከወዲሁ ተረዱልኝ።

ቦሌ ያለችው የሕንድ ምግብ ቤት

ባለቤቴ ለአገልጋዮች ስብሰባ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነና ልጆቹን የሚይዝልን ሰው ከተገኘ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አብሬው እሄዳለሁ። ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስብሰባው ሲያበቃ ወደምናድርበት ዘመድ ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ ቦሌ አካባቢ ያለች አንዲት አነስተኛ የሕንድ ምግብ ቤት እንገባለን። ጠረጴዛዎቿ ጥቂት ናቸው፤ ዋጋዋም አቅማችንን ባገናዘበ ትእዛዝ የሚቻል ነው። አንዳንዶቻችሁ የቻይናን ወይም የኮሪያን ምግብ ትመርጡ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ይገኛል። እኛ ግን የሕንዱን ወደድነው።

ለምን ብትሉኝ፣ አንደኛው ምክንያት እዚያ ማንም አያውቀንም። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ቤት ብንገባ ሻዩ ሳይቀርብ ሦስት ሰው መጥቶ፣ «ፓስተር፣ እንደምን ዋልክ? ለአንድ ደቂቃ ብቻ!» ይላል። ያችም አንድ ደቂቃ አርባ ትሆናለች። በእነዚህ ወገኖች አናዝንም፤ በጎቻችን ናቸውና። ሆኖም በዓመት ሁለት ሦስት ማታ ባለቤቴ ፓስተር ሳይሆን ባል ብቻ ሆኖ ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ፣ እኔም አስተናጋጅ ሳልሆን ሚስት ብቻ ሆኜ ስቀመጥ፣ የሆነ ነገር ይታደሳል። ምግቡን ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ ሌላ ሰው ያቀርበዋል፤ ሰሐኑንም ሌላ ሰው ያነሣዋል። እህቶቼ፣ ይህ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ!

ሁለተኛው ምክንያት ምግቡ አዲስ ሆኖም ባዕድ አለመሆኑ ነው። ዳል የሚሉት ከተከካ ጥራጥሬ፣ ብዙ ጊዜም ከምስር የሚሠራ ሲሆን እርድና ከሙን ስለሚገባበት የእኛን አልጫ ክክ ያስታውሳል። ሳሞሳ የሚሉት የእኛው ሳምቡሳ ነው። ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ነው። ናን የተባለው ዳቦ ታንዱር በሚባል የሸክላ ምድጃ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል። ዶሳ የሚሉት ደግሞ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ ሊጡ እንዲቦካ ተደርጎ ምጣድ ላይ በስሱ የሚዘረጋ ነው፤ እንጀራ ጋግራ የምታውቅ ሴት ስታየው ፈገግ ማለቷ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ሕንዶች እንደ እኛው እጃቸውን ታጥበው በቀኝ እጃቸው ይበላሉ። ስለዚህ ሹካና ቢላ አያያዝ አላውቅም ብሎ የሚሸማቀቅ አይኖርም።

ደግሞስ ሕንድ ለሸዋ ምኗ እንግዳ ነው? እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስጦታ ይዞ አንኮበር የደረሰው ከሕንዷ ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ በኩል ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን፣ አብዛኞቹም ከኬረላ ግዛት የመጡ፣ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ወላጆቻችን ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯቸውን ሕንዳውያን መምህራን አነጋገር እየኮረጁ ሲያስቁን አድገናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው ከታወቀ የሕንድ ምግብ ቤቶች አንዱ ቦሌ መንገድ ላይ የነበረው ሳንጋም ነው። እኛ ከምንሄድባት ቤት ይልቅ የከተማው ሰው የሚያውቀው እርሱን ነበር። ስለ ስሙ ትርጉም ሳጣራ ልቤን የነካኝ ነገር አገኘሁ። ሳንጋም ማለት በሕንድ ቋንቋ መገናኛ፣ በተለይም የወንዞች መገናኛ ማለት ነው። ጋንጀስና ያሙና የተባሉት ሁለት ትልልቅ ወንዞች የሚገናኙበት ስፍራ በዚህ ስም ይታወቃል። ሁለት ወንዞች ከተለያየ ቦታ ተነሥተው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ይህ የእኔ ውኃ፣ ያ የአንተ ውኃ ብሎ መለየት አይቻልም።

ከአንድ ተራራ ወደ ሁለት አቅጣጫ

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ የዚህን ተቃራኒ በዓይናችን እናያለን። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ፣ ከታች ወደ አፋር የሚዘልቀው ቆላ ተዘርግቶ ይታያል። በዚህ ደጋ ላይ አንድ ደመና ዝናብ ያወርዳል እንበል። ከአፋፉ ወዲህ የወደቀው ጠብታ ደብረ ብርሃንን አቋርጦ በሚያልፈው በበሬሳ ወንዝ በኩል ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል። ከአፋፉ ወዲያ የወደቀው ደግሞ ቁልቁል ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ጠብታዎች ሲወድቁ በመካከላቸው የነበረው ርቀት ምናልባት አንድ ክንድ ነበር። መድረሻቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ትዳርም እንዲህ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አልጋ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሁለት ሰዎች በየቀኑ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ተለያይተው ይውላሉ። እርሱ በአገልግሎቱና በሥራው በኩል ይፈስሳል፤ እርሷ በልጆቹና በማጀቱ በኩል ትፈስሳለች። ማንም ክፉ አላደረገም። ከ20 ዓመት በኋላ ግን አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደራቀ ሲታይ ያስደነግጣል። ለውኃ አቅጣጫውን የሚወስንለት መሬቱ ነው። ለእኛ ግን ጌታ ፈቃድና ማስተዋል ሰጥቶናል፤ ሆን ብለን የምንገናኝበትን ስፍራ ማበጀት እንችላለን።

የሕልቃና ጥያቄ

ስለ ባልና ሚስት ገበታ ሳስብ ቶሎ ወደ ልቤ የሚመጣው በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 ላይ ያለው ታሪክ ነው። ይህን ክፍል ብዙውን ጊዜ የምንሰብከው ስለ ሐና ጸሎት ነው፤ መልካምም ነው። ከጸሎቱ በፊት ግን አንድ ማዕድ አለ። ሕልቃና በየዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሴሎ ይወጣ ነበር። መሥዋዕት ከሠዋ በኋላ ለፍናናና ለልጆቿ ድርሻቸውን ይሰጣል፤ ለሐና ግን ይወዳት ስለ ነበር የተለየ ድርሻ ይሰጣታል። ሐና ግን ታለቅሳለች፤ አትበላምም።

ሦስት ነገር አስተውሉልኝ። የመጀመሪያው፣ ሕልቃና ሚስቱ አለመብላቷን አይቷል። ያ ማዕድ በሰው የተሞላ ነበር፤ ልጆች አሉ፣ ጣውንት አለች፣ የበዓል ግርግር አለ። በዚያ ሁሉ መካከል የአንዲቱ ሴት እጅ ወደ ሰሐኑ አለመዘርጋቱ አልተሰወረበትም። ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችሁ ዛሬ ማታ በልተው እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛው፣ ጠይቋል። ቍጥር 8 ላይ አራት ጥያቄ እናገኛለን። ለምን እንደምታለቅስ፣ ለምን እንደማትበላ፣ ልቧ ለምን እንዳዘነ ይጠይቃታል፤ በመጨረሻም እርሱ ከአሥር ልጆች እንደማይሻላት ይጠይቃታል። ሥጋ መስጠት ብቻ በቂ አለመሆኑን ገብቶታል። ብዙ ባሎች የተለየ ድርሻ መስጠት፣ ማለትም ቀሚስና የቤት ዕቃ መግዛት፣ ከመጠየቅ ይቀላቸዋል።

ሦስተኛው፣ መልስ የለም። ቃሉ አራቱን ጥያቄዎች በተከታታይ ጽፎልን የሐናን መልስ አልጻፈልንም። ቀጥሎ የምናነበው ከበሉና ከጠጡ በኋላ ሐና መነሣቷን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይህን ክፍል በተማርንበት ጊዜ ይህ ዝምታ ትኩረቴን ስቦት ነበር። ሕልቃና ደግ ባል ነው፤ ይወዳታል። ነገር ግን አራተኛው ጥያቄው ጥያቄም መልስም ነው። «እኔ አልበቃሽም ወይ?» ለተባለች ሴት «አዎ፣ አትበቃኝም» ማለት እንዴት ይቻላታል? በሰው ፊት፣ በጣውንቷ ፊት እንዴት ትናገር? ስለዚህ ተነሥታ ልቧን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ጌታም ሰማት፤ ስሙ ይባረክ! እኛም ሐዘናችንን ለጌታ እንነግራለን። ሆኖም ጸሎት የምትጸልይ ሚስት መኖሯ ባልን ከማዳመጥ ነጻ አያወጣውም።

እንግዲህ ለሁለት የተዘረጋ ገበታ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በግርግር መካከል የተጠየቀ ጥያቄ መልስ አያገኝም። ሁለት ሰው ብቻ ያለበት፣ የሚያቋርጥ የሌለበት፣ ከጠየቁ በኋላ ዝም ብሎ የሚጠበቅበት ገበታ ያስፈልጋል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱ ከሚመጣና ከሚሄድ ሰው ብዛት የተነሣ ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡ ጊዜ፣ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፥31)። የአገልጋይ ቤት ያለበትን ሁኔታ ከዚህ ጥቅስ በላይ የሚገልጽ አላገኘሁም።

ከወገኖች የሚነሡ ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት በእህቶች ጉባኤ ላይ ሳካፍል ጥያቄ ይበዛል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ስለሆኑ እንያቸው።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ አይደለምን?» ምግብ ቤት መሄዱ አዲስ ሊሆን ይችላል። ባልና ሚስት ለብቻቸው ጊዜ እንዲኖራቸው ማድረግ ግን በሕገ ሙሴ ውስጥም አለ። ዘዳግም 24፥5 አዲስ ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት እንዳይሄድና በቤቱ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል። አንድ ሠራዊት ወታደሩን ለዚህ ሲል ከለቀቀ፣ አንድ ኮሚቴ አባሉን ለአንድ ማታ መልቀቅ ያቅተዋልን? ደግሞም በሕንዱ ቤት ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። ቤታችን አሥር ሰው በከበበው ገበታ ላይ ባለቤቴ የሚያጎርሰው እንግዳን ነው። እዚያ ግን ከናኑ ቆርሶ፣ በዳሉ አጥቅሶ እኔን ያጎርሰኛል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏልና ሁለተኛውም ይከተላል። የሠርጋችን ዕለት ያየነው ጉርሻ በሰው አገር ምግብ በኩል ተመለሰልን።

«ምእመናን ምን ይላሉ? መጠጥ የሚሸጥበት ቤትስ ቢሆን?» ለደካማው ወንድም መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቤቱን መርጣችሁ ግቡ። ሻይ፣ ጭማቂ፣ ወይም ሕንዶች ላሲ የሚሉትን ከእርጎ የሚሠራ መጠጥ የሚያቀርቡ ጸጥ ያሉ ቤቶች አይጠፉም። ከዘመድ ጋር የምትሄዱ ከሆነና ጾም ላይ ያሉ ካሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁላቸው። የሕንድ ምግብ ሥጋ የለበትም ማለት ቅቤና ወተት የለበትም ማለት አይደለም።

«ወገን እየተራበ እኛ ምግብ ቤት እንገባለን?» ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ ቶሎ ልናልፈው አይገባም። ባለፉት ዓመታት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። በራፋችን ላይ የቆመች እናት ሕፃን አዝላ ሳለ ስለ ናንና ስለ ዳል ማውራት ሊያሳፍር ይችላል። እኛ ቤት የምናደርገውን ልንገራችሁ። ለዚያ ማታ የምናወጣውን ገንዘብ አስቀድመን እንወስናለን፤ የዚያኑ ያህል ለተቸገሩት እስካልለየን ድረስ ማታውን አናወጣም። ሁለቱን ማድረግ በማንችልበት ወር የሚቀረው የእኛ ምግብ ቤት ነው። ገበታው ግን አይቀርም፤ ቤት ውስጥ ይዘረጋል። ጠቢቡ በምሳሌ 15፥17 ፍቅር ያለበትን የጎመን ወጥ ጥል ካለበት የሰባ በሬ ያስበልጣል። ፍቅር ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ የሚጠይቅበት ጊዜ ይበዛል።

ቤት ውስጥ ለሁለት

መንገዱ በማያስተማምንበት፣ ኪስም ባዶ በሆነበት ጊዜ የሕንዱን ምግብ ወደ ቤታችን ማምጣት እንችላለን። ቅመሙ ሁሉ ገበያችን ላይ አለ። ለሁለት ሰው የሚበቃውን ዳል እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ።

አንድ ብርጭቆ የተከካ ምስር አጥባችሁ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ። በሦስት ብርጭቆ ውኃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ እስኪበስል ቀቅሉ፤ ጨው የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው። በሌላ መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አግሉና አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጨምሩ። ከሙኑ መንጣጣት ሲጀምር የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎም አንድ ቲማቲምና አንድ ቃሪያ ጨምራችሁ አቁላሉት። ይህን ከነቅቤው ክኩ ላይ ገልብጡት። የድምብላል ቅጠል ካገኛችሁ ከላይ በትኑበት። ሩዝ፣ ወይም ከስንዴ ዱቄት፣ ከውኃና ከጨው ተለውሶ በስሱ የተዳመጠ ጨፓቲ ምጣድ ላይ ጋግራችሁ፣ ኪያር ከተከተፈበት እርጎ ጋር ታቀርቡታላችሁ።

የደብረ ብርሃን እናቶች፣ ለእናንተ አንድ ምክር አለኝ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ክኩም ሩዙም ቆላ ካለችው እህታችሁ ድስት ይልቅ ጊዜ ይወስድባችኋል። አትበሳጩ፤ ያ ጊዜ የጨዋታ ጊዜ ነው። ባልየውም ሳሎን ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ በርጩማ ስቦ ነጭ ሽንኩርቱን ይላጥ። በደብረ ብርሃን ብርድ ከምድጃ አጠገብ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

ለመጀመር የሚረዱ ነጥቦች

1. ቀኑን ቁረጡ። «ሲመቸን» የሚባል ቀን አይመጣም። በወር አንድ ማታ ወስናችሁ ከአገልግሎት ፕሮግራማችሁ ጋር ጻፉት። ለሚጠይቃችሁ ሰው፣ «ያን ዕለት ቀጠሮ አለኝ» ብትሉ ውሸት አይደለም።

2. ልጆቹን አስቀድማችሁ ለታመነ ሰው ስጡ። ከሌሎች ባለትዳሮች ጋር ተነጋግራችሁ በየተራ ልጅ መያዝ ትችላላችሁ። አዲስ የወለዱ ወላጆችን በዚህ መርዳት ታላቅ አገልግሎት ነው።

3. ስልካችሁን ዝጉ። ለአስቸኳይ ነገር የአንድ ሽማግሌን ቁጥር ለጉባኤው ስጡና ሁለቱንም ስልክ አጥፉ። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ስልክ ሦስተኛ ሰው ነው።

4. ከሦስት ርዕስ ጹሙ። ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ጉባኤው ችግርና ስለ ዘመድ ጉዳይ በሌላ ቀን ተነጋገሩ። መጀመሪያ የምታወሩት ሊጠፋችሁ ይችላል፤ አትደንግጡ።

5. ጠይቁና ጠብቁ። «በዚህ ወር ምን አስደሰተሽ? ምን ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም የሕልቃናን አራተኛ ጥያቄ ሳትጨምሩ ዝም በሉ።

6. የቆየ ቂም ማወራረጃ አታድርጉት። ከባድ ጉዳይ ካለ ሌላ ጊዜ፣ ካስፈለገም አማካሪ ባለበት ይታይ። ማታውን በአጭር ጸሎት፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ዝጉት።

ከላይ ስለ ጠቀስኳቸው የ22 ዓመት ባለትዳሮች ሳትጠይቁኝ እንደማትቀሩ አውቃለሁ። ምክራችንን ተቀብለው በየሁለት ሳምንቱ አርብ ማታ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። የመጀመሪያው ማታ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ጨረሱ። በሁለተኛውም ብዙ አልተሻሻለም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ማታ ግን ባልየው፣ አባቱ በሞቱበት ዓመት ያለቀሰው ለብቻው ጓሮ ወጥቶ እንደነበር ነገራት። እርሷ ያንን አታውቅም ነበር። «ያን ዕለት ማታ ያገባሁትን ሰው አየሁት» አለችኝ። ዛሬ ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልላችሁም። አሁንም ዝም የሚባልበት ማታ አለ። አርቡን ግን አልተዉትም።

ሐዋርያው ጳውሎስ የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃታል ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል (1ጢሞ. 3፥5)። መክብብም 9፥9 ላይ ሰው ከሚወዳት ሚስቱ ጋር በሕይወቱ ደስ እንዲለው ይመክራል፤ ይህ ከእግዚአብሔር የተሰጠው ድርሻው ነውና። ድርሻችንን ሳንቀምሰው ሌላውን ስናበላ ብቻ እንዳንኖር ጌታ ይርዳን።

ለመወያያ

ይህን ጽሑፍ ለብቻችሁ አንብባችሁ እንዳትተዉት፤ በሚቀጥለው ማታችሁ አብራችሁ ተወያዩበት።

• በቤታችን በመጨረሻ የሚበላው ማን ነው? ለምን?

• በዚህ ዓመት የትዳር ጓደኛዬ የነገረኝ፣ ከዚያ በፊት የማላውቀው ነገር አለ?

• በሚቀጥለው ወር ለሁለታችን ብቻ የምንለየው ቀን መቼ ነው? ከዚያ ማታ ወጪ ጋር እኩል የምናካፍለውስ ለማን ነው?

ጌታ ገበታችሁን ይባርክ፤ በመካከላችሁም ይቀመጥ። እስከሚቀጥለው እትም ድረስ በሰላም ሰንብቱ። አሜን።